«ወረቀት የለውም እንጂ ንጹህ ዝርያ ነው»፦ ላልተመዘገበ ውሻ የትኛው ሰነድ ይሻላል?

ሻጭ «ወረቀት የለውም እንጂ ንጹህ ዝርያ ነው» ቢል የግድ ዋሸ ማለት አይደለም። እናቱም አባቱም በሚገባ ተመዝግበው ቡችላው ሳይመዘገብ የሚቀርበት አጋጣሚ ብዙ ነው። ተቃራኒውም አለ፤ ባለ ወርቃማ ማህተም ወረቀት ተሰጥቶት ወላጆቹ እነማን እንደሆኑ ማንም የማያውቀው ውሻ። ለገዢ የሚጠቅመው ወረቀቱን ማን እንዳወጣው፣ ምን ማስረጃ አይቶ እንዳወጣውና ወረቀቱ ምን እንደሚያስችል ማወቅ ነው።

ከዚህ በታች ያሉት አማራጮች በዋናነት የአሜሪካን አሠራር የተከተሉ ናቸው። በቨርጂኒያም ይሁን በሚኒሶታ ቡችላ ሲገዙ የሚያጋጥሙዎት ስሞች እነዚህ ናቸው። ካናዳን፣ ፈረንሳይን፣ እስራኤልንና አዲስ አበባን መጨረሻ ላይ እናነሳቸዋለን።

## የዘር ሐረግ አንድ ነገር፣ ምዝገባ ሌላ

የዘር ሐረግ የወላጆች፣ የአያቶችና የቅድመ አያቶች ስም ዝርዝር ነው። ሦስት ትውልድ የሚያሳይ ወረቀት 14 ስሞች፣ አራት ትውልድ የሚያሳይ 30፣ አምስት ትውልድ የሚያሳይ ደግሞ 62 ስሞች ይይዛል። ዝርዝሩን መዝጋቢው ድርጅት ከራሱ መዝገብ አውጥቶ አረጋግጦት ሊሆን ይችላል፤ አርቢው ቤቱ ቁጭ ብሎ በኮምፒውተር የጻፈውም ሊሆን ይችላል። ሁለቱ በመልክ ይመሳሰላሉ። አርቢው የጻፈው ግን ጠቃሚ መረጃ ቢይዝም ለምዝገባ ማስረጃ አይሆንም።

ምዝገባ ማለት ይህ ውሻ፣ በዚህ ቁጥር፣ ከእነዚህ ወላጆች ተወልዶ መዝገብ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። አሜሪካ ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚታወቀው መዝጋቢ እ.ኤ.አ. በ1884 የተመሠረተው የአሜሪካ ኬኔል ክለብ (ኤኬሲ) ነው። እዚያው አሜሪካ የተወለደ ቡችላ በኤኬሲ የሚመዘገበው እናቱም አባቱም ቀድመው ተመዝግበው ከሆነ ብቻ ነው። አራቱም አያቶች በመዝገብ ኖረው እናትየዋ ብቻ ሳትመዘገብ ብትቀር የቡችሎቿ መንገድ እዚያው ላይ ይቆማል። ከአያት ወደ ልጅ ልጅ መዝለል የለም።

አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት። ምዝገባ በአብዛኛው የቆመው በአርቢው ቃልና ፊርማ ላይ ነው። ኤኬሲ ራሱ ምዝገባ ለውሻው ጤናም ሆነ ጥራት ዋስትና እንዳልሆነ ይገልጻል። «የኤኬሲ ወረቀት ስላለው ጤነኛ ነው» የሚል ሻጭ ወረቀቱ ያላለውን እያስባለው ነው።

## እጅዎ ላይ ያለው ወረቀት የትኛው ነው?

ገዢዎች በብዛት የሚሳሳቱት የምዝገባ ማመልከቻውን የምዝገባ ምስክር ወረቀት አድርገው ሲቀበሉ ነው። አርቢው የአንድ ወሊድ ቡችሎችን በጅምላ ሲያስመዘግብ ለእያንዳንዱ ቡችላ አንድ ማመልከቻ ይደርሰዋል። ድሮ ሰማያዊ ስለነበረ እስከ ዛሬ «ብሉ ስሊፕ» ይሉታል። ይህ ወረቀት ቡችላው እንዲመዘገብ መብት ይሰጣል እንጂ ተመዝግቧል ማለት አይደለም። ሞልቶ፣ ፈርሞ፣ ክፍያውን ከፍሎ መላክ የገዢው ሥራ ነው። በላዩ ላይ ባለው ቁጥርና የምስጢር ቁጥር በኢንተርኔትም ማስመዝገብ ይቻላል። ብዙ ውሾች «ያልተመዘገቡ» የሆኑት ይህ ወረቀት መሳቢያ ውስጥ ስለተረሳ ነው።

ትክክለኛው የምዝገባ ምስክር ወረቀት ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው፤ በጠርዙ ቀለም ይለያል። ሐምራዊ ጠርዝ ያለው ሙሉ ምዝገባ ነው። ብርቱካናማ ጠርዝ ያለው የተገደበ ምዝገባ ነው፤ በተለምዶ «ሊሚትድ» ይባላል። የተገደበ ምዝገባ ያለው ውሻ በመዝገብ አለ፣ በታዛዥነትና በቅልጥፍና ውድድሮች መሳተፍም ይችላል፤ ልጆቹ ግን አይመዘገቡም፣ የቁመና ውድድርም (ውሻው ከዝርያው መልክና ቁመና መለኪያ አንጻር የሚዳኝበት) አይገባም። ገደቡን ማንሳት የሚችለው የወሊዱ ባለቤት የነበረው አርቢ ብቻ ነው። የአሁኑ ባለቤት ቢለምንም ቢከፍልም ኤኬሲ በራሱ አያነሳውም። ሻጭ የወላጆቹን ወረቀት ሲያሳይዎ ከስሙ በፊት ጠርዙን ይመልከቱ።

ቁጥሩም ይነበባል። የኤኬሲ ቁጥር በሁለት የላቲን ፊደላት ይጀምርና ስምንት አሃዞች ይከተሉታል። ፊደላቱ ዝርያው የሚገኝበትን ምድብ ያመለክታሉ፦ «ኤስአር» ላብራዶርና ጎልደን ሪትሪቨር ያሉበት የአደን ውሾች ምድብ ነው፤ «ዲኤን» ጀርመን ሼፐርድ ያለበት የእረኛ ውሾች ምድብ። የመጨረሻዎቹ ሁለት አሃዞች ቡችላው በዚያ ወሊድ ስንተኛ ሆኖ እንደተመዘገበ ያሳያሉ፤ የቀሩት ለወሊዱ ሁሉ የጋራ ናቸው። ስለዚህ የአንድ ወሊድ ወንድማማቾች ናቸው የተባሉ ሁለት ቡችሎች ከመጨረሻዎቹ ሁለት አሃዞች ውጭ ቁጥራቸው ከተለያየ ማብራሪያ ይጠይቁ።

በኤኬሲ የተረጋገጠ የዘር ሐረግ ላይ ከስሞቹ ጋር ሌሎች ምልክቶችም ይገኛሉ። ከስም በፊት የሚገባው የሻምፒዮን ምልክት በቁመና ውድድር የተገኘ ማዕረግ ነው፤ ከስም በኋላ የሚከተሉት በአብዛኛው በሥራና በታዛዥነት የተገኙ ናቸው። «የሻምፒዮን ዘር ነው» ሲባሉ ሻምፒዮኑ ስንተኛው ትውልድ ላይ እንዳለ ይቁጠሩ። በአራተኛው ትውልድ ካሉት 16 ቅድመ አያቶች አንዱ ብቻ ከሆነ ለቡችላው ያዋጣው በአማካይ 6.25 በመቶ ነው። ለዚያ ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል አይገባም።

ከማዕረግ ይልቅ ትኩረት የሚገባው የጤና ቁጥሩ ነው። ኦኤፍኤ የተባለው ድርጅት ለዳሌ መገጣጠሚያ የሚሰጠው ቁጥር ራሱ ብዙ ይናገራል። የዝርያው ምህጻረ ቃል ይቀድማል፣ ተራ ቁጥር ይከተላል፣ ከዚያ የውጤቱ ፊደል ይመጣል፦ «ኢ» እጅግ በጣም ጥሩ፣ «ጂ» ጥሩ፣ «ኤፍ» መካከለኛ። ቀጥሎ ውሻው ራጅ በስንት ወሩ እንደተነሳ የሚያሳይ ቁጥርና ጾታው አሉ። መጨረሻው ላይ «ፒአይ» ካለ ውሻው በማይክሮቺፕ ወይም በንቅሳት ተለይቷል ማለት ነው። ቋሚ የዳሌ ውጤት የሚሰጠው ውሻው 24 ወር ሲሞላው በመሆኑ በዓመቱ የተነሳ ራጅ ጊዜያዊ ግምት ብቻ ነው። ዋናው ጥቅም የኦኤፍኤ መዝገብ በነጻ የሚፈለግ መሆኑ ነው፤ የአባትየውን ሙሉ የምዝገባ ስም ወይም ቁጥር ካገኙ ሻጩ ፊት ቆመው በስልክዎ ማየት ይችላሉ።

የስሞቹን መደጋገምም ያስተውሉ። አንድ ወንድ አያት በአባትም በእናትም በኩል ከታየ ወላጆቹ የአንድ አባት ልጆች ናቸው፤ የቡችላው የዝምድና መጠን በዚያ ብቻ 12.5 በመቶ ይደርሳል። ወላጆቹ የአንድ እናትና አባት ልጆች ከሆኑ 25 በመቶ ነው። ዝምድናው ከፍ ሲል የቡችሎች ቁጥር መቀነስና ከሁለቱም ወላጆች ሲወረሱ ብቻ የሚገለጡ በሽታዎች ይበዛሉ። ይህን የሚነግርዎ የዘር ሐረጉ እንጂ የምዝገባ ምስክር ወረቀቱ አይደለም። ላልተመዘገበ ውሻም ቢሆን የወላጆቹን የዘር ሐረግ ቅጂ መጠየቅ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

የክትባት ደብተር፣ የጤና ሰርተፍኬትና የማይክሮቺፕ ካርድ የዝርያ ማስረጃ አይደሉም። የእንስሳት ሐኪሙ «ጀርመን ሼፐርድ» ብሎ የጻፈው ባለቤቱ የነገረውን ነው። ሆኖም ለማመሳከሪያ ዋጋ አላቸው፤ በደብተሩ ያለው የትውልድ ቀንና ባለ 15 አሃዙ የቺፕ ቁጥር ከምዝገባው ጋር ካልገጠመ ወረቀቱ የሌላ ውሻ ሊሆን ይችላል።

## ለምን ሳይመዘገብ ቀረ?

አማራጭዎን የሚወስነው ይህ መልስ ስለሆነ ጊዜ ወስደው ይጠይቁ።

በተደጋጋሚ የሚያጋጥመው ምክንያት ከወላጆቹ አንዱ የተገደበ ምዝገባ ያለው መሆኑ ነው። አርቢው ለቤት ብቻ ተብሎ የተሸጠለትን ውሻ ከስምምነቱ ውጭ ለርቢ አውሎታል። የዘር ሐረጉ እውነተኛ፣ ቡችላውም ንጹህ ሊሆን ይችላል፤ ግን የመጀመሪያው አርቢ ገደቡን ካላነሳ አይመዘገብም።

ሁለተኛው የፊርማ ጉዳይ ነው። የወሊድ ምዝገባ የወንዱንም የሴቷንም ባለቤት ፊርማ ይፈልጋል፤ ወንዱ የሌላ ሰው ከሆነና በክፍያ ካልተስማሙ ፊርማው ይቀራል። ሦስተኛው ዕድሜ ነው። ርቢው በተፈጸመበት ጊዜ ወንዱ ቢያንስ 7 ወር፣ ሴቷ 8 ወር የሞላቸውና ሁለቱም ከ12 ዓመት ያልበለጡ መሆን አለባቸው፤ ከዚህ ውጭ ከሆነ ኤኬሲ ተጨማሪ ማስረጃ ይጠይቃል። አራተኛው የዘረመል (ዲኤንኤ) መለያ ነው። በሕይወት ዘመኑ ሰባትና ከዚያ በላይ ወሊድ ወይም በአንድ ዓመት ከሦስት በላይ ወሊድ የሚያስመዘግብ ወንድ የዘረመል መለያው በኤኬሲ መኖር አለበት። አርቢው ያንን ካላሟላ ምዝገባው ይያዛል።

«ወጪው በዝቶብኝ ነው» የሚለው መልስ ብቻውን አያጠግብም። የወሊድ ምዝገባ ክፍያ ከአንድ ቡችላ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። እንዲህ የሚል አርቢ የወላጆቹን የዳሌ ራጅ አስነስቶ ይሆን ብለው ይጠይቁ፤ ለርካሹ ወረቀት ያልከፈለ ለውዱ ምርመራ የመክፈሉ ዕድል ጠባብ ነው።

ከዚህ በተለየ «ወረቀት ከፈለግክ 300 ዶላር ጨምር» የሚል ሻጭ አለ። ወረቀትን እንደ ተጨማሪ ዕቃ መሸጥ ጥሩ ምልክት አይደለም። በኤኬሲ ደንብ፣ ሊመዘገብ ይችላል ተብሎ የተሸጠ ውሻ ማመልከቻው ወይም ሙሉ መለያ መረጃው በሽያጩ ጊዜ ለገዢው ይሰጣል፤ ወረቀቱ እንዲቀር የሚደረገው ሁለቱም ወገኖች በፈረሙበት ጽሑፍ ብቻ ነው።

## አማራጭ አንድ፦ እውነተኛውን ምዝገባ ማሳደድ

ሁለቱም ወላጆች ሙሉ ምዝገባ ካላቸውና አርቢው በሕይወት፣ በስልክ፣ በፈቃደኝነት ካለ መጀመሪያ የሚሞከረው ይህ ነው። ዘግይቷል ብለው አይተዉት። የወሊድ ምዝገባ ቡችሎቹ 6 ወር ሳይሞላቸው እንዲገባ ይጠበቃል፤ ከዚያ በኋላ የመዘግየት ክፍያ ይጨመራል። የግል ምዝገባው ደግሞ ወሊዱ ከተመዘገበ በ12 ወር ውስጥ ይጠበቃል፤ ከ12 ወር በኋላ አንድ ጊዜ፣ ከ24 ወር በኋላ ደግሞ ከዚያ ከፍ ያለ ቅጣት አለ። ዘግይቶ ማስመዝገብ ገንዘብ ያስጨምራል እንጂ በሩ አልተዘጋም።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። በመጀመሪያ የሁለቱን ወላጆች የምዝገባ ምስክር ወረቀት በፎቶ ይቀበሉ፤ ጠርዙ፣ ቁጥሩና የባለቤቱ ስም ይታይ። ሁለተኛ፣ የባለቤቱ ስም ከሚያነጋግሩት ሰው ጋር ይመሳከር፤ ከተለየ ውሻው በስሙ አልተዛወረም ማለት ነውና መጀመሪያ ያ ይስተካከል። ሦስተኛ፣ አርቢው የወሊድ ምዝገባውን ያስገባ፤ በኢንተርኔት ሲሆን የወንዱ ባለቤት ፊርማም እዚያው ይሰጣል። አራተኛ፣ ማመልከቻው ሲደርስ የሽግግሩ ክፍል ተፈርሞ ለእርስዎ ይተላለፍ። ቡችላው ወደ እርስዎ ከመድረሱ በፊት በሌላ እጅ አልፎ ከሆነ የእያንዳንዱ ሽግግር ፊርማ በተጨማሪ ቅጽ መያያዝ አለበት። ሰው በብዛት የሚሰናከለው እዚህ ነው፤ መካከለኛው ባለቤት አድራሻውን ቀይሮ ይጠፋል።

ገና ካልገዙ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት አንድ ገጽ ጽፈው ያስፈርሙ፦ ዝርያ፣ ጾታ፣ ቀለም፣ የትውልድ ቀን፣ የአባትና የእናት ሙሉ የምዝገባ ስምና ቁጥር፣ የአርቢው ስም፣ ወረቀቱ እስከ መቼ እንደሚሰጥና ካልተሰጠ ምን ያህል ገንዘብ እንደሚመለስ። ኤኬሲ ለሻጩ ሊጽፍለት ይችላል እንጂ ገንዘብዎን አያስመልስልዎትም። አለመግባባቱ የውል ጉዳይ ስለሚሆን ወደ አነስተኛ ክሶች ችሎት ይሄዳል፤ እዚያ የሚደግፍዎት ያ የተፈረመ ገጽ ነው።

## አማራጭ ሁለት፦ የኤኬሲ «ፓል» ዝርዝር

ወላጆቹ ካልታወቁ፣ ከመጠለያ ከወሰዱት፣ ወይም አርቢው ከጠፋ ለአብዛኛው ሰው ከሁሉ የተሻለው ይህ ነው። «ፓል» ያልተመዘገቡ ንጹህ ዝርያዎች የሚገቡበት አማራጭ ዝርዝር ነው፤ ቀድሞ «አይኤልፒ» ይባል ነበር። ውሻው በታዛዥነት፣ በራሊ (በምልክት ሰሌዳዎች እየተመራ ትእዛዝ በሚፈጽምበት)፣ በቅልጥፍና፣ በፍለጋና በመሳሰሉት ውድድሮች ገብቶ ማዕረግ እንዲያገኝ ያስችለዋል። የቁመና ውድድር አይገባም፣ ልጅ አይመዘገብበትም፣ የዘር ሐረግም አይሰጥበትም።

የሚጠየቀው የተሞላ ማመልከቻ፣ ክፍያ፣ ውሻው የተኮላሸ ወይም ማህፀኗ የወጣ ለመሆኑ ከሐኪም የተሰጠ ማስረጃና ባለ ቀለም ፎቶዎች ናቸው። አንዱ ውሻው ቆሞ ከጎን፣ ሌላው ፊቱ ከፊት ለፊት የሚታይበት። ውሳኔው የሚሰጠው በመልክ ስለሆነ ፎቶው ላይ ይጠንቀቁ። ሣር እግርን ስለሚሸፍን ጠፍጣፋ ጠንካራ ወለል ላይ ያቁሙት። ካሜራውን ወደ ውሻው ትከሻ ቁመት ዝቅ ያድርጉ፤ ከላይ የተነሳ ፎቶ እግሩን አሳጥሮ ራሱን ያገዝፈዋል። ጥላ በሌለበት የቀን ብርሃን፣ ጸጉሩ ተበጥሮ፣ ጃኬቱ ወልቆ ይነሳ። ማመልከቻ የሚመለሰው ውሻው የዝርያውን መልክ በግልጽ ካላሳየ ነው። ለዚያም ቢሆን ኤኬሲ ለክልስ ውሾች ያዘጋጀው «ካናይን ፓርትነርስ» የተባለ ሌላ ዝርዝር አለ፤ የሚያስገባው ውድድር በአብዛኛው ተመሳሳይ ነው። ስፖርት ብቻ ለሚፈልግ ሰው ልዩነቱ የሚያስቆጭ አይደለም።

## አማራጭ ሦስት፦ ሌሎች መዝጋቢዎች

እዚህ ላይ ጥሩውም መጥፎውም ተቀላቅሏል። ዩናይትድ ኬኔል ክለብ (ዩኬሲ) እ.ኤ.አ. በ1898 የተመሠረተ፣ የራሱ ደንብና ውድድር ያለው የታወቀ ድርጅት ነው። ከሚቀበላቸው መዝጋቢዎች ወረቀት ያለውን ውሻ በነጠላ ይመዘግባል፤ የዘር ሐረጉ ያልታወቀና የተኮላሸ ውሻን ደግሞ «ፐርፎርማንስ ሊስቲንግ» በተባለ ዝርዝር ያስገባል። ይህ ሁለተኛው ከ«ፓል» ጋር የሚስተካከል ነው፤ ከሁለቱ የሚመረጠው በአካባቢዎ የማን ውድድር እንደሚበዛ ታይቶ ነው።

በፎቶና በምስክሮች ፊርማ ብቻ «ንጹህ ዝርያ» ብለው ለርቢ የሚመዘግቡም አሉ። ኮንቲኔንታል ኬኔል ክለብ እንዲህ ያለ አሠራር አለው፤ ሆን ተብለው የተዳቀሉ ክልሶችንም ይመዘግባል። ምህጻሩ «ሲኬሲ» ስለሆነ ፍጹም ከተለየው የካናዳ ኬኔል ክለብ ጋር ይምታታል፤ ማስታወቂያ ላይ «የሲኬሲ ወረቀት አለው» የሚል ካዩ የትኛው እንደሆነ ይጠይቁ። የኮንቲኔንታል ወረቀት ወደ ኤኬሲ ምዝገባ አያሻግርም። ወረቀቱ ሐሰተኛ ነው ማለታችን አይደለም፤ ለዋጋ መጨመሪያ ምክንያት አይሆንም ነው የምንለው።

ለእረኛ ውሾች አንድ ደስ የሚል የተለየ መንገድ አለ። የቦርደር ኮሊ መዝጋቢ የሆነው ዓለም አቀፉ የበግ ውሾች ማኅበር ያልተመዘገበ ውሻ በሥራ ላይ ከፍተኛ ብቃት ካሳየና የጤና ምርመራውን ካለፈ «በብቃት» ይመዘግበዋል። መስፈርቱ ጥብቅ ስለሆነ የሚያልፉት ጥቂት ናቸው፤ ነገር ግን ከአንድ ሺህ ፎቶ ይልቅ መንጋ ፊት የተሠራ ሥራ ስለ ዝርያው ይመሰክራል።

## አማራጭ አራት፦ የዘረመል ምርመራ

ሁለት የተለያዩ ምርመራዎች በአንድ ስም ይጠራሉ። ኤኬሲ የሚጠቀምበት የዘረመል መለያ ማንነትንና ወላጅነትን ያረጋግጣል፤ የአባትና የእናት መለያ በመዝገብ ካለ «ይህ ቡችላ የእነሱ ነው» ወይም «አይደለም» ይላል። የትኛው ዝርያ እንደሆነ ግን አይናገርም። ኤምባርክና ዊዝደም ፓነል የተባሉ መርማሪዎች የሚሸጡት ደግሞ ውሻውን ካላቸው የናሙና ክምችት ጋር አነጻጽረው የዝርያ መቶኛ ይሰጣሉ። 100 በመቶ ጀርመን ሼፐርድ ቢል እንኳ ወላጆቹን በስም አያውቅምና ኤኬሲ በዚህ ብቻ ተመርኩዞ አይመዘግብም።

ለምን ይጠቅማል ታዲያ? ለሁለት ነገር። ሻጩ የነገረዎት እውነት መሆኑን ለማወቅ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ለጤና። ኮሊና አውስትራሊያን ሼፐርድ ላይ የሚበዛው የ«ኤምዲአር 1» ዘረመል ጉድለት ያለበት ውሻ አይቨርመክቲንን በመሳሰሉ መድኃኒቶች ከፍተኛ መጠን ሊመረዝ ይችላል፤ ይህን ሐኪሙ አስቀድሞ ቢያውቅ ሕይወት ያድናል። ጀርመን ሼፐርድ ላይ ደግሞ የኋላ እግሮችን ቀስ በቀስ ለሚያሽመደምደው የጀርባ አጥንት ሕብለ ሰረሰር በሽታ ተጋላጭ መሆኑ ይታያል። የዳሌ ችግር ግን በዘረመል ምርመራ አይገኝም፤ ራጅ ያስፈልገዋል። ፔንሂፕ የተባለው የራጅ ዘዴ ከ16 ሳምንት ጀምሮ መሥራት ይችላል።

ናሙናው በጉንጭ ውስጥ በጥጥ ዘንግ ይወሰዳል። ውሻው ከበላ ወይም ከሌላ ውሻ ጋር በአንድ ሳህን ከጠጣ በኋላ ወዲያው ከተወሰደ ይበከላልና ቆይተው ይውሰዱ፤ ቡችላ ከሆነ እናቱን ከጠባ ብዙም ሳይቆይ አይወሰድ።

## አማራጭ አምስት፦ እንዳለ መተው

ለቤት፣ ለልጆችና ለግቢ ጥበቃ የሚሆን ውሻ ከሆነ ወረቀት ባይኖረው የሚጎድልበት ነገር የለም። በዚህ ሁኔታ ለምዝገባ የሚወጣውን ገንዘብ ለማይክሮቺፕ፣ ለክትባት፣ ለማኮላሸትና ለዳሌ ራጅ ማዋል ይሻላል። ምክራችን ግልጽ ነው፦ ለቤት ከሆነ ይህ፤ ለውድድር ከሆነ «ፓል» ወይም የዩኬሲ ዝርዝር፤ ለርቢ ከሆነ አማራጭ አንድ ብቻ። አማራጭ አንድ ካልተሳካ ያንን ውሻ ለርቢ አያውሉት። ያልተመዘገበ ውሻ ያስወለደ ሰው ቀጣዩን ገዢ ያው «ወረቀት የለውም እንጂ» የሚል ችግር ውስጥ ይከተዋል፤ የወላጆቹ ጤና የማይታወቅ ከሆነ ደግሞ ከወረቀት የከፋ ነገር ያወርሳል።

## በሌሎች አገሮች

ካናዳ ውስጥ ሕጉ ከአሜሪካ ይጠብቃል። በእንስሳት የዘር ሐረግ ሕግ መሠረት ውሻን «ንጹህ ዝርያ» ብሎ የሸጠ ሰው በስድስት ወር ውስጥ በገዢው ስም የተዛወረ የምዝገባ ምስክር ወረቀት ማስረከብ አለበት። ቶሮንቶ ላይ «ንጹህ ነው፣ ያለ ወረቀት ከሆነ ግን በርካሽ እሰጥሃለሁ» ያለ ሻጭ ሕጉን እየጣሰ ነው።

ፈረንሳይ ውስጥ «የዝርያ ውሻ» መባል የሚችለው በአገሪቱ የዘር መዝገብ ያለ ብቻ ነው፤ የቀረው በሽያጭ ማስታወቂያ «መልኩ የዚህ ዝርያ» ተብሎ ይጻፋል። ለአንዳንድ ዝርያዎች ያልተመዘገበ ውሻ በዳኛ ታይቶ እንደ አዲስ መነሻ የሚገባበት በር ክፍት ነው፤ ለብዙዎቹ ግን ተዘግቷል። ብሪታንያ ላይ የአርቢውን ገደብ በምዝገባው ላይ ያነባሉ፦ «ልጆቹ አይመዘገቡም» እና «የውጭ አገር የዘር ሐረግ አይሰጠውም» የሚሉ ሁለት ማስታወሻዎች አሉ። ውሻውን ይዘው ለመውጣት ካሰቡ ሁለተኛው ይበልጥ ይመለከትዎታል።

እስራኤል ያላችሁ ደግሞ የከነዓን ውሻን ታውቃላችሁ። በረሃ ላይ የተገኘ፣ ወላጆቹ በመዝገብ የሌሉ የከነዓን ውሻ በባለሙያዎች ታይቶ ወደ ዝርያው መዝገብ የሚገባበት አሠራር አለ፤ ዝርያው ራሱ የተመሠረተው እንዲህ ከተሰበሰቡ ውሾች ነውና። ባሰንጂ የተባለው የአፍሪካ ዝርያም ተመሳሳይ ታሪክ አለው። ኤኬሲ ከአፍሪካ የመጡ አዳዲስ ውሾች እንዲገቡ የባሰንጂን መዝገብ እ.ኤ.አ. በ1990 ከፍቶ ነበር፤ በኋላም ደግሞታል። እነዚህ ግን ለተለዩ ዝርያዎች የተደረጉ ናቸው፤ ለላብራዶር ወይም ለሮትዋይለር አይሠሩም።

አዲስ አበባ ላይ «አባቱ ከጀርመን ከነወረቀቱ የመጣ ነው» የሚል ቃል በብዛት ይሰማል። የአባት ወረቀት ወደ ልጅ በራሱ አይሻገርም፤ የእናትየውም ወረቀት ኖሮ ወሊዱ በአንድ መዝጋቢ ዘንድ ካልተመዘገበ ቡችላው ያልተመዘገበ ነው። ስለዚህ የሚከፍሉት ለአባትየው ዝና ከሆነ የወረቀቱን ዋና ቅጂ ይዩ፣ የቺፕ ቁጥሩን ሐኪም በማንበቢያ መሣሪያ አባትየው ላይ እንዲያነብ ያድርጉ። ቁጥሩ ከወረቀቱ ጋር ከገጠመ ቢያንስ ውሻውና ወረቀቱ የአንድ ናቸው። ከውጭ አገር ውሻ ለሚያስመጣም ሆነ ወደ አሜሪካ ወስዶ በኤኬሲ ለማስመዝገብ ለሚያስብ ቢያንስ የሦስት ትውልድ የዘር ሐረግ፣ ኤኬሲ ከሚቀበለው መዝጋቢ የወጣ፣ ከቺፕ ወይም ከንቅሳት ቁጥር ጋር የተያያዘ መሆን አለበት።

የዘር ሐረግ ወረቀት የጉዞ ሰነድ አይደለም። ኢትዮጵያ የእብድ ውሻ በሽታ ስጋት ካለባቸው አገሮች የምትቆጠር በመሆኗ አሜሪካ የሚገባ ውሻ ቢያንስ ስድስት ወር የሞላው፣ ማይክሮቺፕ የተገጠመለትና የክትባት ማስረጃው በተጠየቀው ቅጽ የተሞላ መሆን አለበት። ወደ አውሮፓ ኅብረት ለሚሄድ ውሻ ደግሞ የደም ምርመራ ይጨመራል፦ ክትባቱ ከተሰጠ ቢያንስ 30 ቀን ቆይቶ ደም ይወሰዳል፣ ውጤቱ በአንድ ሚሊ ሊትር 0.5 ዓለም አቀፍ አሃድ ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት፣ ደሙ ከተወሰደበት ቀን ጀምሮ ሦስት ወር ይጠበቃል። ቺፑ ከክትባቱ በፊት ወይም በዚያው ቀን መግባት አለበት፤ ከክትባቱ በኋላ ከገባ ክትባቱ አይቆጠርም፣ ሁሉም ከመጀመሪያው ይጀመራል።